ዘጠኝ አንደኞች

በዚህ ከተማ አንድም ኮንዶሚኒየም ያለ አራሚ አልተሠራም። ሊፍት ሊቀር ይችላል፣ ውሃም ሊቀር ይችላል፤ ሁላችንም ተስማምተን የምንኖርበትን ስህተት የሚያርም አንድ ጡረተኛ ግን አይቀርም። ለልደታው ብሎካችን የደረሱን ክቡር የሒሳብ መምህር ጋሽ እንድርያስ ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ በግራ በኩል፣ ጉልበታቸውን ካመማቸው ስድስት ዓመት።

ጋሽ እንድርያስን ደረጃ ላይ "እንዴት አደሩ" ያለ ሰው ሥራ ረፈደበት ማለት ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ሳይጨርሱ አየርላንድ ይገባሉ።

"አየርላንዶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ነው የሚመርጡት። አንደኛ ያልከው ከወደቀ ድምፅህ ሁለተኛ ወዳልከው ይሻገራል እንጂ አይባክንም። ወንበሩም በድምፅ ልክ ይከፋፈላል። ሁለት ፓርቲ ብቻ ያለበት አገር ግን ሰው የወደደውን አይመርጥም፤ የፈራውን የሚያሸንፍለትን ነው የሚመርጠው። ገባህ?"

እኔ የገባኝ ታክሲ እንዳመለጠኝ ነው። እሳቸው አየርላንድን አይተው አያውቁም፤ ከአብነት ሰፈር ወዲያ የሚሄዱትም ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ነው።

ችግሩ፣ እውነታቸውን ነው። ብሎካችንም ሁለት ፓርቲ አለው፤ ላይኞችና ታችኞች። ላይኞች የውሃው ፓምፕ እንዲሠራ ይፈልጋሉ፤ ታችኞች ፓምፑ ሲነሳ ቧንቧቸው ስለሚደርቅ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ። በየዓመቱ ግቢ ውስጥ እጅ እናወጣለን። በሁለት ድምፅ የበለጠው ወገን አምስቱንም የኮሚቴ ወንበር ጠቅልሎ ይወስድና ያለፈው የከፈተውን ይዘጋል፣ የዘጋውን ይከፍታል። ፓምፑን በሰዓት መከፋፈል እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል፤ የሚያከፋፍል ኮሚቴ ግን ተመርጦ አያውቅም። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፤ ለሁለቱም ወገን ከሃዲ።

ዘንድሮ ከሦስት ዓመት ልመና በኋላ ለጋሽ እንድርያስ በአየርላንድ ዘዴ እንዲያስመርጡ ተፈቀደላቸው። እኔንና እሳቸውን ጨምሮ ዘጠኝ ዕጩዎች ቀረብን። ወረቀቱን በእጃቸው አሰመሩ፤ የጫማ ካርቶን ኮሮጆ ሆነ። "ከአንድ እስከ ዘጠኝ ደረጃ ስጡ፤ አንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ወረቀቱ ይበላሻል" ብለው አራት ጊዜ አስረዱ። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ኮሮጆው ተከፈተ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከአርባ ስድስት ወረቀት አርባ አምስቱ ዘጠኙንም ዕጩ አንደኛ አድርጓል።

"ምን ላድርግ ጋሼ?" አለች የታችኞቹ መሪ ነጅማ። "ልጆቼን የሚይዙልኝን ሰዎች ሰባተኛ ብዬ ነገ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"ምስጢር ነው እኮ፣ ስም የለበትም።"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

  ከጎረቤታችን አምስቱንም ወንበር መንጠቅ አያሳፍረንም፤ ሁለተኛ ነህ ማለት ግን ያሳፍረናል። ከእንግዲህ ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ አላውቅም፤ ተስፋ ቆርጫለሁ።

እንደ ልማዳችን እጅ አወጣን። ታችኞች በሁለት ድምፅ አሸንፈው አምስቱንም ወሰዱ። ፓምፑ ከሰዓት በኋላ ተዘጋ።

ወረቀቶቹን ስሰበስብ ያልተበላሸችዋን አንዷን አየኋት። ሰባት ቁጥሯ ወገቧ ላይ ሰረዝ አላት፤ እንዲያ አድርገው የሚጽፉ ጋሽ እንድርያስ ብቻ ናቸው። አንደኛ ያሉት ነጅማን ነው፣ ውሃቸውን የምታስዘጋባቸውን። ሁለተኛ እኔን። በእውነት ቅር አለኝ። ራሳቸውን ዘጠነኛ አድርገዋል።

ውሃ የሞላ ጄሪካናቸውን ተቀብዬ አብሬያቸው ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሊሰበስቡ ሲቆሙ፣ "ነጅማን አንደኛ?" አልኳቸው።

"ሥራ ትችላለች።"

"ራስዎንስ ለምን መጨረሻ?"

"ራሴን አንደኛ ልበል? ነውር አይደለም?" ከዚያ ዘወር ብለው አዩኝ። "አንተስ እንዴት ሞላህ?"

"ሁላችሁንም አንደኛ።"

 ጉልበታቸውን ይዘው መውጣት ቀጠሉ፤ እኔም ከኋላቸው። በእኔ ወረቀት ላይ ከእሳቸው ስም ጎን የጻፍኩትን አንድ ቁጥር በእስክሪፕቶ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ እንዳደመቅኩት አልነገርኳቸውም። ለቆጠራው አይረባም።