ክቡር የውሃ ሚኒስትር

ለቤተሰቡ ሁሉ ጠቅልሎ የሚፈራ አንድ ሰው የሌለበት ቤት የለም። ልብስ ሰፊዋ ባገባችበት ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት የባሏ አባት ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ሲሆኑ፣ መሪውን ለሌላ ቢያስረክቡም እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ እስካሁን አላነሱም። የሚፈሩት ሌባ ወይም እሳት አይደለም፤ ውሃ ነው። እሷም በልቧ «ክቡር የውሃ ሚኒስትር» ትላቸዋለች።

ግቢው ሁለት ዓይነት ውሃ አለው። አንዱ ከቆርቆሮው ጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ በርሜል ውስጥ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ፣ ሌላው የጓሮው ጉድጓድ። ክቡርነታቸው ሁለቱንም አያምኑም። የጣሪያው ሲነሳ፣ «ወፉ የት የሚጸዳዳ ይመስልሻል? ድመቷስ?» ይላሉ። የጉድጓዱ ሲነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአገጫቸው ወደ ጎረቤት ሽንት ቤት ያመለክታሉ።

«መሬት እኮ ከሥር አጥር የለውም፣ ልጄ።»

ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ቤት፣ እሳቸው ካፖርት ደርበው ወደ ውጭ ነው ሩጫቸው። ጣሪያው ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ቱቦውን ከበርሜሉ አንስተው ውሃውን ሜዳ ላይ ያፈሱታል። አንዳንዴ ቱቦውን ሳይመልሱት ዝናቡ ያባራል። ያን ጊዜ በርሜሉ እንደ ደረቀ፣ እሳቸው እስከ አጥንታቸው ርሰው ይገባሉ። ምራታቸው ጥርሷን ነክሳ ፎጣ ታቀብላለች።

የተቀዳውም ቢሆን ወዲያው አይጠጣም። «እስከ ነገ ይቆይ» ይባላል።

«አፍልቼዋለሁ እኮ፣ አባባ።»

«ማፍላት ትሉን ይገድላል። ዝገቱንስ? የማናውቀውንስ?»

ውሃው ረግቶ እንዲጠራ ፈልገው ነው ብላ ትተዋቸዋለች።

የልጅ ልጃቸው ስትወለድ ፍርሃታቸው እጥፍ ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣና በርሜሉ ባዶውን ቀረ፤ የተረፈው ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ከታችኛው መንገድ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ የጠጣ ሕፃን ሞተ የሚል ወሬ መጣ። አሁን ልብስ ሰፊዋም ፈራች። የጡጦውን ውሃ ሁለቴ ታፈላ ጀመር።

አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ስትወጣ አማቷን ጉድጓዱ አጠገብ አገኘቻቸው። ያልፈላውን ውሃ በትልቅ ኩባያ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጣሉ። ኩባያው ከጥርሳቸው ጋር ይንቀጫቀጫል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷን ትቀሰቅሻለሽ።» አፋቸውን ጠረጉ። «ጥሬውን እኔ ከቻልኩት፣ የፈላው እናንተን አይጎዳም። እስከ ነገ ካልታመምኩ ትጠጡታላችሁ።»

«የጣሪያውንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?»

«ታዲያ ማን ይቅመሰው?»

ያን ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አንድ እጅጌ እንኳ አልገጥም አላት። ከሰዓት በኋላ አማቷ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ሲሉ አየች። ሮጣ አጠገባቸው ደረሰች።

«ሆድዎን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ራበኝ» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው።

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ድንገት ቢያማቸው ጥፋቱ የውሃው ይሁን የምግቡ እንዳያከራክር ብለው ነው። ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጡባት። ዳቦ ቆርሳ እጃቸው ላይ አስቀመጠችና ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ከእንግዲህ ብቻዎን አይጠጡም። እኔም አብሬ እጠጣለሁ።»

«ሁለታችንም ብንወድቅ ልጅቷን ማን ያያታል?»

እሳቸው ዳቦውን ባላመጡ ቁጥር ፊታቸውን ታያለች።

በማግስቱ ባሏ ከሚሠራበት ከተማ ደወለ። «አባባ አሁንም ውሃ ይፈራሉ?» አለ እየሳቀ።

በመስኮት ወደ ግቢው አየች። አማቷ አሸንዳውን በመጥረጊያ እየጠረጉ ነበር፤ አንዴ አስነጠሱ። ይደግሙት እንደሆነ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች።

«አሁንስ የምፈራው እኔ ነኝ» አለችው።