በተከበሩት ጭነት አመላላሽ ችሎት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ፤ ፍቺው የገባው ይንገረኝ። መጀመሪያ ግን ይቺን ያዙልኝ። አምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት ማታ ማታ ልቀጥል ብዬ አሠሪዬን እትዬ ውብአለምን ጠይቄያቸው ነበር። «መሥሪያ ቤት ስለ አክብሮት አነጋገር ስብሰባ አለብን፤ ከዚያ ስመለስ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ስብሰባው አመሸ። ሳይመለሱ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜ ጠዋት ነው። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እግሬን ሰቅያለሁ፤ እትዬ የኔን ሽርጥ ታጥቀው ወለል ይወለውላሉ። ቴሌቪዥኑ ቁጭ ብሎ እኛን ያያል። ሰለቸነው መሰለኝ፣ ቻናል ቀየረና ገበያ መሃል ጣለን።

ገበያተኛው ሁሉ ጆንያ ተሸክሞ ተሰልፏል። ፊት ለፊት አንዲት አህያ መነጽር አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ውይ፣ አህያ!» አልኩ።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። አጠገቤ የቆመ ፍየል በቀንዱ ጎሸም አደረገኝ። «አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ እንጂ! የተከበሩ ጭነት አመላላሽ ነው የሚባሉት።»

«አንተስ ምን ትባላለህ?»

«የእኔ ገና እየተጠና ነው» አለና አፉ ውስጥ የነበረውን ካርቶን ማኘኩን ቀጠለ።

አህያዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰውን በስሙ ያልጠራ ሁሉ ይሸከማል» አለች። ከሰፈራችን የቀረ የለም፤ በየሠርጉ ስለ ጨዋነት የሚመክሩት ሽማግሌ እንኳ ሁለት ደራርበዋል።

የእትዬ ተራ ደረሰ።

«እኔ ሰው ተሳድቤ አላውቅም» አሉ፣ ቀና ብለው።

«ጎበዝ። ይቺን ልጅ ማን እያልሽ ነው የምትጠሪያት?»

«ሠራተኛዬን ነው?»

አህያዋ ጆሮዋን ነቅነቅ ስታደርግ አንድ ጆንያ ጀርባቸው ላይ ወጣ።

«ይቅርታ፣ የቤት ውስጥ ረዳት!» ሌላ ተደረበ። «እሺ፣ የቤት አያያዝ ባለሙያ!» ይሄኛው ከሁሉም ከበደ። ቃሉ ባማረ ቁጥር ጆንያው ይብሳል። የእትዬ አፍንጫ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«እናቷ ያወጣችላት ስም የላትም?» አለች አህያዋ።

እትዬ አንገታቸውን አጣመው ወደኔ አዩ። «የኔ እመቤት፣ ማን ነበር ስምሽ?»

አሳዘኑኝ፣ እውነቴን ነው። ግን እንዲህ ያለ ቀን መቼ ይገኛል?

«ማታ ትምህርት ቤት ልሂድ?» አልኳቸው።

«ሂጂ!»

«የእራት ሳህኑስ?»

«እኔ አጥበዋለሁ! ስምሽን ብቻ ንገሪኝ!»

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ፍየሉ ቀደመኝ። በእትዬ ድምፅ፣ «ብርቄ! ብርቄዬ!» አለ።

ዓይኔን ገለጥኩ፤ ነግቷል። እትዬ ፍራሼ አጠገብ ቆመዋል። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ «አንቺ» ነበርኩ፤ ስሜን ከአፋቸው ስሰማ ልቤ ዘለለ።

«ስብሰባው ዓይኔን ነው የገለጠልኝ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ሠራተኛ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት አይነሳም። አንቺ ልጃችን ነሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

«ምን እትዬ! እማዬ በይኝ።»

«እሺ... እማዬ። የማታ ትምህርቱስ?»

ደነገጡ። «ምን ነካሽ ብርቄ? የኔ ልጅ ሆነሽ በማታ ከቤት ልትወጪ?»

ከዚያ መወልወያውን አቀበሉኝ። «ተነሺ ልጄ፣ የማታው ሳህንም እንዳለ ነው።»