ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር

[አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ማናሴ ኮምፒዩተር ይጠግናል፤ ሳይጠይቁትም ያስተምራል። ዛሬ ግን ልቡ ተንጠልጥሏል። አንድ የግል ክሊኒክ ላፕቶፑን ሰጥቶ፣ “የደኅንነት መፈተሻ ሲስተም ጫንበትና እንይህ፤ ከተሳካልህ በቋሚነት እንቀጥርሃለን” ብሎታል። እናቱ ለጸሎት ቡድኗ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። አሁን አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ጋሮምሳ፣ ከፀሐይ ሸሽተው ገብተዋል። ማናሴ ወንበሩን ለቆላቸው ራሱ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌን “ማን ነዎት? ምን ፈልገው ነው?” ማለትማ ነውር ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።]

ኦቦ ጋሮምሳ፦ አንድ ነው!

ማናሴ፦ ሁለት ናቸው አባባ!

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ቢደክም መቁጠር አልጠፋኝም። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ነው።

ማናሴ፦ ሁለተኛው ውስጡ ነው ያለው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ አርግዟል በለኛ!

ማናሴ፦ [እየሳቀ] ኧረ አባባ! ትልቅ ግቢ ያስቡ። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት አለ አይደል? እንደዛ ነው።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ እንዲህ አትለኝም ታዲያ! ተከራይ ነው። ቆጣሪው ለብቻው ነው?

ማናሴ፦ የምን ቆጣሪ?

ኦቦ ጋሮምሳ፦ የመብራቱ ነዋ!

ማናሴ፦ አይ፣ እሱን እንኳ ይጋራሉ። ሜሞሪውንም ግማሹን ሰጥቼዋለሁ።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ግማሹን? በቃ፣ ይጣላሉ። ቆጣሪ ተጋርቶ የተስማማ አከራይና ተከራይ አላየሁም።

ማናሴ፦ አይጣሉም አባባ፣ እኔ አለሁ።

[ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል።]

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ይኸው ጀመሩ! ለመሆኑ ተከራዩ ማን ይባላል?

ማናሴ፦ ካሊ ሊኑክስ።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ሥራውስ?

ማናሴ፦ ሰብሮ መግባት።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ [ከወንበራቸው ብድግ ብለው] ያ ረቢ! ለሌባ ነው ያከራየኸው?

ማናሴ፦ ለፈተና ነው እንጂ! ሌባ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል ቀድሞ አይቶ ይነግረናል። ይቀመጡ በሞቴ። እሱ ራሱ ደግሞ ተቆልፎበታል፤ ከሰርቪሱ አይወጣም።

[ማናሴ አንድ ቁልፍ ይጫናል።]

ኦቦ ጋሮምሳ፦ አሁን ምን አለህ?

ማናሴ፦ “ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ?” አለኝ። “አዎ” አልኩት።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ አዎ?! የክሊኒክ ላፕቶፕ ነው አላልከኝም? የሕመምተኛው ካርድ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?

ማናሴ፦ የጠፋው የሰርቪስ ቤቱ ዲስክ ነው! የትልቁ ቤት ዕቃ አልተነካም።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ በምን አውቃለሁ?

ማናሴ፦ [ይቺ ነገር ኩራቱን ነካችው] እሺ፣ ላሳይዎት!

[ስክሪኑ ግን በክርክሩ መሃል ራሱን ቆልፏል። ማናሴ ደግሞ የላላውን የቻርጀር ገመድ በግራ እጁ ጨብጧል፤ ከለቀቀው ላፕቶፑ ይጠፋል።]

ማናሴ፦ አባባ፣ እጄ ተይዟል። ክዳኑ ጀርባ ላይ የለጠፍኳትን ወረቀት ያንብቡልኝ እስቲ።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ምንድን ናት እሷ?

ማናሴ፦ የይለፍ ቃሉ ነው። ከእኔና ከክሊኒኩ ባለቤት በቀር ማንም አያውቀውም።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ [ለመንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ] አዳማ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!

ማናሴ፦ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይኸው፣ ይዩ! አንድም ስም አልጠፋም። ወይዘሮ የሺዓለም፣ ደም ግፊት። አቶ ሁንዴ፣ ኪንታሮት።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ሁንዴ ባለ ሆቴሉ? ምስኪን! ለዚህ ነዋ ቆሞ የሚበላው!

ማናሴ፦ አሁን አመኑኝ?

ኦቦ ጋሮምሳ፦ አመንኩህ ልጄ።

ማናሴ፦ [ስክሪኑን አይቶ እየጨፈረ] ተጭኖ አለቀ! ከእንግዲህ ወዲያ ሳላውቅ ትንኝ እንኳ አትገባበትም!

[የአዳማ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይገባል። ኦቦ ጋሮምሳ በሳል ይታፈናሉ።]

ማናሴ፦ ውይ፣ ውሃ ላምጣልዎት! ላፕቶፑን ይጠብቁልኝ አባባ፤ እዚህ ሰፈር ሰው አይታመንም።

[ይሮጣል። ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ጠረጴዛውም ባዶ ነው። ሥራው፣ እናቱ፣ የጸሎት ቡድኑ፣ የሁንዴ ኪንታሮት፣ ሁሉም በአንዴ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።]

ማናሴ፦ ኡኡ! የሰው ያለህ! ያዙልኝ!

ኦቦ ጋሮምሳ፦ [ከጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተቀምጠው] ማንን?

ማናሴ፦ ሽማግሌውን! [ዞር ይላል] አባባ?! ላፕቶፑስ?

ኦቦ ጋሮምሳ፦ [ከጋቢያቸው ሥር ብቅ አድርገው] ስሙ ማነው?

ማናሴ፦ የማን?

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ያዙልኝ ያልከው ሽማግሌ።

ማናሴ፦ እኔ እንጃ... አልጠየቅኩም።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ ጋሮምሳ እባላለሁ። ወንጂ፣ ስኳር ፋብሪካው በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ሶረቲ የእህቴ ልጅ ናት። “አጎቴ፣ ልጁን ሄደህ እየው” አለችኝ። “እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቃለሁ?” ብላት፣ “ስለ በር ታውቃለህ” አለችኝ።

ማናሴ፦ [ያመጣውን ውሃ ራሱ ጠጥቶ ጨረሰው] እንግዲህ ሥራው ቀረ ይበሉኛ።

ኦቦ ጋሮምሳ፦ [ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው] ሄሎ ሶረቲ። አዎ፣ አየሁት። እጁ ጎበዝ ነው፤ እሱም ጨዋ ልጅ ነው፤ ቅጠሪው። ግን አብረሽ ዘበኛም ቅጠሪ። ምን? ኧረ የምን ላፕቶፕ! ልጁን የሚጠብቅ!