የማህሌት በሬና የእትዬ ዘይነባ ፊርማ

በር ላይ ያለንን ትሕትና አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ይግቡ!» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» «በሞቴ!» «በፍጹም አይሆንም!» ስንባባል ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም አይገባም። ከዚያው ቤት ወጥተን ኢምፔሪያል አደባባይ ስንደርስ ግን፣ «መገናኛ! መገናኛ!» የምትል ሚኒባስ ብቅ ካለች፣ ቅድም በሞቴ ብለን የለመንነውን ሰው በክርናችን ደቁሰን ቀድመነው እንገባለን። ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ የማያጣላን ቦታ የለም። ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው፤ ያወቅሁትም በበሬ ነው። እናንተዬ፣ ሳስታውሰው እስካሁን ልቤ ይዘላል!

ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮሚቴ ሲባል እንቅልፍ አይወስደኝም። የዕድር ጸሐፊ ነኝ፣ የጥበቃ ኮሚቴ አባል ነኝ፣ የውሃ ታንከር ኮሚቴ ሰብሳቢም ነበርኩ። ታንከሩ አልተገዛም፤ ኮሚቴው ግን ጠንካራ ነበር። እናም ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ማህሌት፣ ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ፣ «ጋሽ ተካ፣ የባንክ ሥራዬን ለቅቄ በአዲስ ተራማጅ ፓርቲ ልወዳደር ነው» ስትለኝ፣ ምን እንደምሠራ እንኳ ሳልጠይቅ «አለሁ!» አልኳት።

የፓርቲው ቢሮ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት። እዚያ ፕሮግራም ሲጻፍ ደረስኩ። አንደኛው ወገን «መጀመሪያ ማንነት ይታወቅ፤ ስሙ ያልተጠራ ሰው ድርሻ አይደርሰውም» ይላል። ማህሌት ያለችበት ወገን «መጀመሪያ ሀብት ይከፋፈል፤ የተራበ ሰው በስሙ ቢጠሩትም አይሰማም» ይላል። ከታች የዳቦው ሽታ እየመጣ፣ ከላይ ጠረጴዛ እየተደበደበ፣ እንዴት ያለ ድንቅ ክርክር መሰላችሁ! እኔ መጨረሻ የተናገረው ሁልጊዜ ልክ ስለሚመስለኝ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ስል በሁለቱም ወገን ተጠረጠርኩ። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ ክፍፍሉ ምዕራፍ አንድ፣ ማንነት ምዕራፍ ሁለት ተባለ። አማርኛውን ያቃናሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ገጽ! ነጠላ ሰረዙ ሁሉ የኔ ነው።

የቀረው ፊርማ ነበር። ማህሌት እጩ ለመሆን እስከ ሰኞ ድረስ የሰፈር ሰው ሊፈርምላት ይገባል፤ ካልሞላ ሥራዋንም እጩነቷንም አጥታ እናቷ ቤት መቀመጧ ነው። እናቷ ደግሞ «ባንክ እየሠራሽ ምን ጎደለሽ?» ማለት ከጀመሩ ከርመዋል። ታዲያ መላው የመጣው ለእኔ ነው፤ ቅርጫ! ስለ ክፍፍል ከምንሰብክ ለምን አናቃምሳቸውም? አቅም ያለው ያዋጣ፣ በሬ ይገዛ፣ መደቡ ግን ላዋጣውም ላላዋጣውም በየቤቱ እኩል ይድረስ። ማህሌት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ጾም በተፈታ ቅዳሜ፣ ለድግስና ለእርድ በተሠራልን የጋራ ቤት በር ላይ ሰው ጢም አለ። በሬውን ያረዱት፣ ድሮ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ፎቅ የበቀለባቸው አባባ ጉደታ ናቸው። በኦሮምኛ መረቁ፣ በስመ አብ ብለው ቢላዋውን አነሱ። ሸራ ተነጠፈ፣ መደቡ ተደለደለ፤ አንዱ ካንዱ በአጥንት እንኳ አይበልጥም! ዕጣ ጣልን። ሰው በአንድ እጁ ፌስታሉን እያንጠለጠለ በሌላው ይፈርማል። የዓለም ችግር እዚያች ግቢ ውስጥ ያለቀ መሰለኝ። ከደስታዬ ብዛት ጮኼ ሁሉ ነበር።

ከዚያ የእትዬ ዘይነባ ዕጣ ወጣ።

እትዬ ዘይነባ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ኢምፔሪያል ጋ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሴት ናቸው። እሳቸው ከፈረሙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሁሉ ይፈርማሉ፤ ካልፈረሙ ወረቀቱ አይሞላም። ሥጋውን አዩት፣ አባባ ጉደታን አዩ፣ ማህሌትን አዩ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ለሙስሊሞች ለብቻ እንደሚታረድ የማያውቅ ማን አለ? የገዛ ልጄ ሠርግ ላይ በጉን ቢስሚላህ ብሎ ያረደልኝ የእትዬ ዘይነባ ወንድም አይደለም እንዴ? ለሠላሳ ገጽ ነጠላ ሰረዝ ስለቅም አንዲት በግ ረሳሁ!

«የኔ ዓለም» አሉ እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው፣ «ድርሻችንን አልነፈግሽንም፣ አላህ ይስጥሽ። ግን ቢላዋውን የያዘው ማን እንደሆነ ሳታስቢ ነው የቆጠርሽን።» እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ፌስታሉን ተቀብለው ሄዱ። አልፈረሙም። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ያን ጊዜ ከፓርቲው የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ «ይሄ እኮ ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ» ብሎ አንሾካሾከ። ብመታው ደስ ባለኝ! ማህሌት ፊቷ ቲማቲም መስሎ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ለሁሉም። የኔ ነበር። እኔ፣ ስብሰባ ላይ አፌ የማይዘጋው ሰውዬ፣ ዝም አልኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ ማህሌት ልትቀየማቸው ሳይሆን ይቅርታ ልትጠይቅ ስትወጣ ተከተልኳት። ወረቀት እንዳልይዝ አስጠንቅቃኛለች። በሩ ላይ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ በሬውም በጉም የኔ ጉዳይ ነበር» አልኩ በመጨረሻ። እትዬ ዘይነባ «አውቃለሁ፤ የርስዎ ነገር ሁሌ ጥድፊያ ነው፣ ይግቡ» አሉኝ። ገባን። ጥብስ ቀረበልን። ማህሌት ስታመነታ አይተው ሳቁ። «አብሽሪ፤ የራስሽ በሬ ነው። ድርሻዬን ለጉደታ ሚስት ሰጥቻት በሷ ድስት፣ በሷ ሳህን ነው የመጣው። ክርስቲያን ቤቴ መጥቶ ሳይበላ ይውጣ?»

ማህሌት ጎርሳ አለቀሰች። እኔም ጎርሼ፣ እንግዲህ፣ አለቀስኩ።

«በሉ ወረቀቱን አምጡ» አሉ። ማህሌት «አልያዝንም» ስትል እኔ ከኮቴ ኪስ የፊርማውን ወረቀትም ፕሮግራሙንም አወጣሁ። ቆጣ ብላ አየችኝ። ምን ላድርግ፣ ነጠላ ሰረዞቼን ጥዬ አልወጣም! እትዬ ዘይነባ መነጽራቸውን አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። ሥጋ የወሰድነው ሁላችን ሳናነብ ነው የፈረምነው፤ እሳቸው ገጽ በገጽ አነበቡ። ሻዩ ሁለቴ ተቀዳ።

«ጥሩ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ድርሻችንም አለ፣ ስማችንም አለ። ይሄን ስትጽፉ ማንን ጠየቃችሁ?»

ማህሌት እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«የእህቴ ልጅ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ፣ ሻሿን እያዩ ሥራ የለም ይሏታል። ይሄ የዳቦ ነው የስም? የትኛው ምዕራፍ ነው፣ የኔ ልጅ?»

ማህሌት ፕሮግራሙን በባዶው ጀርባ ገልብጣ፣ እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዛ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና «እስኪ ይንገሩኝ» አለች። እትዬ ዘይነባም የልጅቷን ጉዳይ አስጻፉ፤ ቀጥሎ አራተኛ ፎቅ የማይደርሰውን ውሃ፤ ቀጥሎ ጎረቤት እየጠሩ ማስገባት ጀመሩ።

ፈረሙ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ፈረሙ! ጎረቤቶቻቸውም ፈረሙ፤ ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሞልተን አስገባን። ፓርቲው ግን ፕሮግራሙን መልሱ እያለ ዕለት ዕለት ይደውልልናል። ከየት እናምጣለት? አራተኛ ፎቅ ነው ያለው፤ እትዬ ዘይነባ ሰው እየጠሩ ነው፣ የሠላሳውም ገጽ ጀርባ አልቆ ደብተር ገዝተናል።