ዘጠና አምስት በመቶ እሺ

ትናንት እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የምንታምርን አባት አቶ ጥላሁንን ሊለምኑልኝ በወጡበት ሰዓት፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ።

ምንታምርን ያገኘኋት ስልኬ ላይ ባለ የውጊያ ጨዋታ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት እየተገናኘ፣ በቡድን ሆኖ ከአውሬ ጋር የሚዋጋበት ጨዋታ ነው። እኔ ጦረኛ ነበርሁ፤ እሷ ቁስል ፈዋሽ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ ስትፈውሰኝ ከቆየች በኋላ ቤቷ ከቤቴ ሁለት መንገድ ብቻ አልፎ መሆኑን ደረስንበት።

ሥራዬ የአየር ጠባይ መመዝገብ ነው። በየሦስት ሰዓቱ የሙቀቱን፣ የነፋሱንና የዝናቡን ልክ አይቼ እጽፋለሁ። ስለዚህ ጨዋታው «ይህ ምት የማግኘት ዕድሉ ዘጠና በመቶ ነው» ሲለኝ ዝም ብዬ አላምነውም፤ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። አንድ ሺህ ምት መዝግቤ መቶ አራቱ ስተዋል። ምንታምር የወደደችኝ በዚህ ደብተር ስትስቅብኝ ነው።

ሕልሙ የጀመረው መሥሪያ ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። ዝናብ ይዘንባል፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ መሬት ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ወደ ጎን ሸሸት ይላል፤ ከላዩም «ሳተ» የሚል ትንሽ ነጭ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሜዳው ሙሉ «ሳተ፣ ሳተ፣ ሳተ» ነበር። የዝናብ መለኪያውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ደብተሬ ላይ «ዝናብ አለ፤ መሬት አልመታም» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ጠብታ ጆሮዬ አጠገብ አየር ላይ ቆማ «ይቅርታ፣ ለሥራው አዲስ ነኝ» አለችኝ።

አለቃዬ ወይዘሮ አስካለ በመስኮት ብቅ ብለው «ይታገሱ፣ እንደምን ዋልህ?» አሉኝ። ሰላምታቸው እኔን ስቶ ግድግዳውን መታው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ?» አለ ግድግዳው።

ወይዘሮ አስካለ ከግድግዳው ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ማውራት ጀመሩ። ግድግዳው እሱንም ያመዋል። እኔ በሩን ለመክፈት እጄን ዘረጋሁ፤ ሳትሁ። በሩ ግን ራሱ ወደ እጄ መጣልኝ።

ወዲያ ማዶ ምግብ ቤት ነበር። ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እንዲህ ተጽፏል፦ «በገዛ እጅ መጉረስ፣ ሃያ በመቶ። ሌላ ሰው ማጉረስ፣ ሰማንያ በመቶ።» ስለዚህ ማንም ለራሱ አይጎርስም ነበር። ሰው ሁሉ እጁን ወደማያውቀው ሰው አፍ ዘርግቶ ይበላል፣ ማለት ይበላለታል። ጥግ ላይ ግን አንድ ኮስማና ሰውዬ ሙሉ ትሪ ክትፎ ፊቱ አስቀምጦ ብቻውን ተቀምጧል። አገጩ፣ ሸሚዙና ቅንድቡ ክትፎ ነው።

«ለምን ብቻህን ሆንህ?» አልሁት።

«ከሁሉም ጋር ተጣልቼ ነው።»

አዘንሁና ጠቅለል አድርጌ አጎረስሁት። ጉርሻው አፉን ስቶ ቀኝ ጆሮው ውስጥ ገባ።

«በዚህ በኩል ጠግቤያለሁ» አለኝ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል። ድገመኝና አንጣላ።»

ሁለተኛው አፉን አገኘ። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠና «በዚህ ዓመት ያገኘሁት የመጀመሪያው ነው» አለ። እኔም የደስ ደስ አጉርሰኝ ብዬ አፌን ከፈትሁለት። ስቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት አጎረሰ። እነሱ እዚያው ተጫጩ፤ እኔ ወጣሁ።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ እስከ ወንዙ የሚደርስ ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት አውሬዎች ናቸው። የሚጠብቁት ደግሞ ሰው መጥቶ እንዲመታቸው ነው። ባለ ሁለት ራስ ጅብ ነበር፤ ከሱ ፊት አረንጓዴ ዘንዶ የተራ ቁጥሩን በጥርሱ ይዞ ቆሟል።

«ወንድም፣ መቺ ነህ?» አለኝ ዘንዶው።

«ጦረኛ ነኝ።»

«ተመስገን። ከጠዋት ጀምሮ እግሬ እስኪንቀጠቀጥ ቆሜያለሁ። ከአንተ በፊት የመጣው ሰውዬ አርባ ጊዜ ስቶኝ ምሳ ሊበላ ሄደ።»

«ስንት በመቶ ይል ነበር?»

«ዘጠና።»

«ዘጠና በመቶ አርባ ጊዜ ተከታትሎ አይስትም።»

«ለእሱ ንገረው» አለ ዘንዶው።

ሰይፌን መዘዝሁ። ሰይፌ ረጅም ቴርሞሜትር ሆኖ ወጣ፤ አሥራ አራት ዲግሪ ያሳያል። ሰነዘርሁ፤ ሳተ። ዘንዶው እንዲመቸኝ ጎንበስ አለልኝ። ደግሜ ሰነዘርሁ፤ ሳተ። አንገቱን አሳየኝና «እዚህ ጋ ሞክር፣ እጅህን ዘና አድርገው» አለኝ። አሁንም ሳተ።

«ሦስት ጊዜ ስለሳተ አራተኛው የግድ ይመታል» አለ የጅቡ ቀኝ ራስ።

«ለምን ይመታል? እያንዳንዱ ምት ያለፈውን ምት አያውቀውም» አለ ግራው ራስ።

«አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?»

«ከአንተ ጋር አንድ አንገት ላይ መኖሬን አውቃለሁ።»

ሁለቱ ራሶች ሊነካከሱ ተወረወሩ። ሁለቱም ሳቱ። ለሥራዬ ብዬ «ግራው ራስ ልክ ነው» ስል ደብተሬ ላይ አሰፈርሁ። አራተኛው ምቴ ግን አገኘ። ቀኙ ራስ ግራውን «አላልሁህም?» አለው። እውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ሲሸነፍ ማየት ያሳዝናል።

ዘንዶው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በደስታ ወደቀ። እንደ ጨዋታው ልማድ ከውስጡ ዕቃ ተዘረገፈ፦ አንድ ጓንት፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አንድ የቀበሌ መታወቂያ። መታወቂያው የእኔ ነው። «ያላገባ» የሚለው ቃል እየጠፋ፣ እየበራ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቼ ትዝ አሉኝና መሮጥ ጀመርሁ።

እግሬ መንገዱን አንዴ እየመታ አንዴ እየሳተ ግማሹን በአየር ሄድሁ። መንገድ ዳር አንድ አናጺ ምስማር ይመታል። ስድስት ጊዜ ሳተ፤ በሰባተኛው «ድርብ ምት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ምስማሩ ከነቤቱ መሬት ውስጥ ገባ። የቤቱ ባለቤት ጣራው ላይ ቁጭ ብላ «ይበቃል፣ ጠብቋል» አለችው።

እነምንታምር በር ላይ መነጽር ያደረገች ጃርት ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች። የዕድል ሹም መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ነገር ሁሉ የሚወሰነው እሷ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ፣ ከአንድ እስከ መቶ የተቆጠረ ሰሌዳ ላይ ስትወረውር ነው። ዕድልህ ዘጠና ከሆነ እሾሁ ከዘጠና ሳያልፍ ማረፍ አለበት። ከበለጠ ሳትህ።

ግቢው ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸው ላይ የብረት ጥሩር ደርበው ወንበር ላይ ተንሰራፍተዋል። በእኛ ልማድ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ይለምናል። እዚህ ግን የቆሙት የልጅቷ አባት አቶ ጥላሁን ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ላብ ላብ ይላቸዋል። ምንታምር የጨዋታውን ነጭ ካባዋን ለብሳ ጎኔ ደረሰች።

«የት ነበርህ?»

«ዘንዶ ስመታ።»

«አባቴ ከአንዲት እሺ ጋር እየታገለ አንተ ዘንዶ ትመታለህ።»

«ተሰልፎ ነበር እኮ» አልኋት።

«እሺ ለማለት፣ ዘጠና አምስት በመቶ» ብላ ጃርቷ እሾህ ነቀለች።

አቶ ጥላሁን አፋቸውን ከፈቱ። እሾሁ ዘጠና ሰባት ላይ ተተከለ።

«እሸት» አሉ አቶ ጥላሁን። ከራሳቸው በላይ «ሳተ» ተጻፈ።

የሽማግሌዎቹ መሪ፣ አጎቴ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ «እሸት ልንበላ አልመጣንም» አሉ።

«እባካችሁ፣ ሌላ ልል ፈልጌ ነው» አሉ አቶ ጥላሁን፤ ለማስረዳት እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ጃርቷ ደግማ ወረወረች። ዘጠና ዘጠኝ።

«እሾህ» አሉ።

ጃርቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻቸው። «እኔን ነው?»

«ኧረ በስመ አብ።»

«ይሁን። አንድ ይቀራል። ሦስተኛው ከሳተ ልመናው ይሰረዛል፤ ሽማግሌ ዳግመኛ በዚህ በር አይገባም።»

ጠረጴዛዋ ፊት ሄጄ ቆምሁ።

«ለምን መቶ አይሆንም?» አልኋት። «አባት ፈቅደዋል። ልጅቷ ፈቅዳለች። እኔ ፈቅጃለሁ። ምን ቀረ?»

«አምስት ቀረ።»

«አምስቱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። ለዚያ ነው የቀረው።»

ደብተሬን አወጣሁ። «አንድ ሺህ ምት መዝግቤያለሁ።»

«መዝግበህ ምን አገኘህ?»

«ቁጥሩ እውነት መሆኑን።»

«ታዲያ አሁን ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?»

«እውነት እንዳይሆን» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ አጉተመተሙ። ጃርቷ ግን አልተቆጣችም፤ ወደ ደረቴ ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

«ልብህ በደቂቃ ስንቴ ይመታል?»

«ሰባ ሁለት። ዛሬ መቶ አሥር።»

«ስንቴ ይስታል?»

«ልብ አይስትም።»

«እንግዲህ መቶ በመቶ የሚመታ ነገር በእጅህ አለ። አምስት ምት ስጠኝ፤ የእሳቸውን እሺ መቶ እሞላበታለሁ።»

«እንዳትሰጣት» አለች ምንታምር።

«አምስት ብቻ ነው። ከመቶ አሥር ላይ አምስት ቢነሣ...»

«አንተ ትቆጥራለህ፤ በኋላ የምፈውስህ እኔ ነኝ።»

«ልጄ» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ «ሽማግሌ የላከ ሰው እኮ ቤቱ ይቀመጣል። የመጣነው አንተ እንዳትመጣ ነው።»

አቶ ጥላሁንን አየኋቸው። አፋቸው ጫፍ ላይ ያለችውን ቃል እንደ ሙሉ ብርጭቆ እንዳትፈስ ይዘው ቆመዋል። ምንታምርን አየኋት። ከዚያ ደረቴን ወደ ጃርቷ አዞርሁ።

«ውሰጂ» አልኋት።

ከደረቴ ላይ «ሳተ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንድ። ጸጥ አለ። ሁለት። ምንታምር እጇን ጫነችብኝ፤ ፈውሷ ሳተኝና ጎኔ ያለው የደረቀ ጽጌረዳ አበበ። ሦስት። አራት። እንደ ልማዴ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ እቆጥር ነበር። አምስት። ጃርቷ እሾሁን ወረወረች፤ የት እንዳረፈ ሳላይ አቶ ጥላሁን አፋቸውን ከፍተው «እ» ሲሉ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት ከራሴ በላይ በትልቁ «ይታገሱ ራሱን ሳተ» ተብሎ ተጻፈ። ወደቅሁ።

የወደቅሁት ከሶፋው ነው። ስልኬ ምንጣፉ ላይ ይጮኻል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። የሚደውሉት ጋሽ እንግዳወርቅ ናቸው።

«ይታገሱ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

«መሬት ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ደግ። እሺ ተብለናል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ልማዱን አውቀዋለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ዘመድ እንጠይቅ፣ እንመካከር፣ ሌላ ቀን ኑ ይባላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ እሺ የተባለ ሽማግሌ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«በመጀመሪያው ቀን?»

«በመጀመሪያው ቀን። እንኳን ልንለምን ቆመንም አናውቅ። በሩን ገና ስናንኳኳ እጃችንን ይዘው አስገቡን፤ ‹ልጅዎን ለልጃችን› ብለን ሳንጨርስ እንባቸው መጣ። አቶ አጥናፉ ጨዋ ሰው ናቸው።»

«አቶ አጥናፉ ማን ናቸው?»

«አማትህ ናቸዋ።»

«ጋሼ፣ የምንታምር አባት አቶ ጥላሁን ናቸው።»

ስልኩ ውስጥ የሦስት ሽማግሌ ትንፋሽ ሰማሁ።

«ስም ሳትጠይቁ ነው ልጅ የለመናችሁት?»

«እጅህን ይዞ ያስገባህ ትልቅ ሰው በገዛ ቤቱ ‹ለመሆኑ ማን ልበልዎ› ይባላል እንዴ? አንተም ስም አልነገርኸንም፤ አረንጓዴ በር አልህ፤ አረንጓዴ ነው። ሴት ልጅ አላቸው አልህ፤ አላቸው። ስማቸውን የሰማነው ጎረቤታቸው ሲጠሯቸው ነው።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ከአጥሩ ወዲያ ያሉት። መራቂ ይሁኑን ተብለው መጡ። እጃቸውን ዘርግተው አንተን ሲመርቁህ እንዴት ያለ ምርቃት መሰለህ፣ እኔ እንኳ አለቀስሁ።» ጋሽ እንግዳወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሳቸው ናቸው አቶ ጥላሁን የሚባሉት። በመጨረሻው ‹ለእኔም ልጅ እንዲህ ያለውን ይላክላት› አሉ። እኛም አሜን አልን።»