የእግረ መንገዱ ካፒቴን

«እግረ መንገዳችንን» የሚል ሰው የማይገኝበት አገር የለም፤ ጀልባ ያለው ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

ይህን የተረዳሁት የተከራየሁት ጀልባ ሞተሩ እምቢ ብሎ ወደቡ ላይ ተጎልቼ ሳለ ነው።

«መምህር! ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለኝ በዚያ ሲያልፍ ያገኘኝ ክቡር ካፒቴን ላ ሀሊሙ፣ የአንዲት አሮጌ ጀልባ የበላይ አዛዥ።

ነገርኩት። የእህቴ ልጅ ሽማግሌ አድርጎ ልኮኛል። ማዶ ደሴት የሚኖሩት የልጅቷ አባት ሀጂ ባሲሩ ደግሞ «ሌላም ጠያቂ አለ፤ ባሕሩ ሳይጎድል ካልመጣችሁ ለእሱ እሰጣለሁ» ብለዋል። ባሕራችን በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ከጎደለ ጀልባ ደሴቱን የከበበውን የባሕር ድንጋይ፣ ኮራሉን፣ አያልፍም፤ ኮራሉን በእግር መርገጥ ደግሞ በጥብቅ ክልላችን ክልክል ነው።

«ግባ! ብቻ እግረ መንገዳችንን ይቺን በረዶ ለአክስቴ እናድርስ።»

የአክስቱ ደሴት በስተፊታችን መስሎኝ ነበር። በስተኋላችን ኖሯል። እትዬ ዋ ንዲማ በረዷቸውን ተቀብለው ጉዳዬን ሲሰሙ ጃንጥላቸውን አነሱ። «ሴት የሌለበት ደግሞ ምን ሽምግልና ነው?» ብለው ገቡ።

እግረ መንገዳችንን ለኤሊ እንቁላል ጠባቂው ባትሪ ድንጋይ አደረስን፤ ከነዩኒፎርሙ ገባ። እግረ መንገዳችንን ለኢማሙ የተጠገነ ድምፅ ማጉያ አደረስን፤ ኢማሙም ገቡ፣ ድምፅ ማጉያውም ተመልሶ ገባ። ወሬውን የሰማ ሁሉ እየተከተለ ሲገባ በአራተኛው ደሴት አሥራ ሦስት ሆንን።

«ላ ሀሊሙ፣ ልጁን ወንደላጤ ልታስቀረው ነው!»

«ተረጋጋ መምህር። ባሕር የሚቸኩል ሰው አይወድም።»

«ባሕሩማ ራሱ እየቸኮለ ነው!»

እንደፈራሁትም ኮራሉ ጫፍ ላይ ስንደርስ ውሃው ሸሽቷል። ሀጂ ባሲሩ ማዶ ቆመው ይታዩናል። ልወርድ እግሬን ሳነሳ ጠባቂው ቀበቶዬን ያዘ፤ «ሕግ ነው!»

እትዬ ዋ ንዲማ ድምፅ ማጉያውን ከኢማሙ እጅ መነጨቁት።

«ሀጂ! ልጅዎን ለልጃችን! አሥራ ሦስት ሆነን መጥተናል! ያኛው ስንት ሆኖ መጣ?»

የደሴቱ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጣ። ሀጂም እጃቸውን አፋቸው ላይ ከልለው ጮኹ፦

«ሁለት! አንደኛው ደግሞ ሾፌሩ ነው! ውሃው እስኪሞላ እዚያው ጠብቁ፣ ዓሣው ይጠበስ!»

ዛሬ ዛሬ ፈጣን ጀልባ ተሳፍሬ በሰዓቱ ስደርስ፣ ማንንም ሳልሰማ፣ ማንንም ሳላይ መድረሴ ቅር ይለኛል። የዚያን ዕለት ወደቡ ላይ ስንለያይ ግን ካፒቴኑን አፋጥጬው ነበር፤ «ሰዉን አስበህበት ነው የሰበሰብከው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለ ገመዱን እየፈታ። «ብቻ መምህር፣ የትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ንግግርህን ሰምቻለሁ። አንተን እንኳን ሚስት ጠይቅ፣ ዓሣ ግዛ ብዬም ብቻህን አልልክህ።»