ለከሐዲ የተሰነዘረ ስድብ

ክፉ ለመሆን የሚለፋ ደግ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሽቫንሃይም ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስና የከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን ደጋፊ ናቸው። እኛን ትቶ ለባላንጣችን ለካሰል ከተማ ቡድን የፈረመ ተጫዋች በእሳቸው ዘንድ ማተቡን ከበጠሰ ሰው አይለይም።

አንድ ቀን እንዲህ ያለው ከሐዲ ሊገጥመን መጣ። ጋሽ ተፈራ ድምፃቸው እስኪዘጋ «እግርህን ይስበረው!» ሲሉት ቆዩ። ታዲያ ሰውዬው ከሜዳው አጥር ጋር ተላትሞ በረዶው ላይ ዘጭ ሲል፣ ከሁሉም ቀድሞ «እኔን!» ብሎ የጮኸው ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ጋሽ ተፈራ። ምን ያድርጉ፣ ከእናታቸው የወረሱት አፍ ነው። የካሰልም ቢሆን የወደቀ የወደቀ ነው።

አጠገባችን የቆመው ጀርመናዊ ደጋፊ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሽ ተፈራ ቀደሙኝ። «ከባድ ስድብ ነው» አሉት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ባላጋራ በወደቀ ቁጥር በኛ በኩል የቆመው ደጋፊ በሙሉ ጡጫውን ጨብጦ «እኔን! እኔን!» ይላል። ባላጋራውን «በአንተ ፈንታ እኔ ልውደቅ» እያለ የሚሳደብ ደጋፊ ያለው የኛ ከተማ ብቻ ነው።